የኢስታንቡልን ሴራሚክ በቀዩ ቀለም መለየት

ኢስታንቡል ትራንዚት ከረዘመባችሁና ቪዛ ካላችሁ፣ በእ.ኤ.አ. 1560ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ሩስተም ፓሻ መስጊድ ጎራ በሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው የግድግዳውን ሴራሚክ ቀይ ቀለም ነው። ግድግዳው ጋ ጠጋ ብላችሁ በጎን እዩት። የበሰለ ቲማቲም ከመሰለ፣ ደግሞም ከነጩ ላይ ትንሽ አበጥ ካለ፣ በሴራሚክ የታወቀችው የቱርክ ከተማ የኢዝኒክ ባለሙያዎች ምርጥ ዘመን ሥራ ነው። (መንካት ያጓጓል፤ ተዉት።)

ቀይ የሌለው፣ ቢጫውና አረንጓዴው በቀጭን ጥቁር መስመር የተከፋፈለው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። ቀዩ ወደ ቡናማ ከሄደ፣ ሰማያዊውም ከመስመሩ አልፎ ከፈሰሰ ግን 17ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ናችሁ።

በእ.ኤ.አ. 1616 ያለቀው ሱልጣን አህመድ መስጊድ ከ20 ሺህ በላይ ሴራሚክ አለው። ደስ የሚሉት ግን ከፍ ብለው ስለተለጠፉ አንገት ያሳምማሉ። እኔ ሩስተም ፓሻ ይሻለኛል።