እሳት አልሰጥ ያለ የቆየ የጀልባ ሞተር፦ ችግሩን እንዴት መፈለግ ይቻላል

ሞተሩ አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳቱን የሚያወጣውን) መግዛት ነው። ካልሆነ ኮይል (ከፍተኛውን ቮልት የሚፈጥረውን ጥቅል ሽቦ) ይገዛል፤ ቀጥሎ ኮንደንሰር (የፑንቲናን ጫፎች ከመቃጠል የሚጠብቀውን)። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄ ገንዘቤንም የዕረፍት ቀኖቼንም ጨርሻለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ችግር ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የምከተለው አንድ ሕግ ነው፤ ሳልለካ ዕቃ አልቀይርም።

የማወራው ከጀልባ ኋላ ስለሚታሰሩ፣ በገመድ ስለሚነሱ አሮጌ ሞተሮች ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ እሳት የሚያገኙት ቮላኖው (ሞተሩ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር ካሉት ኮይልና ፑንቲና (የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ነው። ባትሪ አያስፈልጋቸውም። ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ በኮይሉ አጠገብ ያልፋል። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ካሙ (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ጉብታ ያለው ብረት) ፑንቲናውን ድንገት ሲከፍተው ፍሰቱ ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት ካንዴላው ጫፍ ላይ ይዘላል።

1. እሳት መኖሩን አረጋግጡ

የነዳጅ ታንኩን አርቁ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጥረጉና ትነቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። የድንገተኛ ማጥፊያው ገመድ በቦታው መሰካቱን እዩ። ይህን ረስቶ ግማሽ ቀን የሚለፋ ሰው ጥቂት አይደለም።

ካንዴላዎቹን አውጡ። ብዙ ሰው ካንዴላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ገመዱን ይስብና ብልጭ ካለ «እሳት አለው» ይላል። እኔ ይህን አላምነውም። ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ አየር አለ፤ እሳቱ እዚያ ለመዝለል ውጭ ከሚያስፈልገው በጣም የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍተቱ የሚስተካከል የእሳት መሞከሪያ ግዙ። ውድ ዕቃ አይደለም፤ ከማንኛውም መለዋወጫ በፊት መገዛት ያለበት እሱ ነው። ፑንቲና ላለው ሞተር ክፍተቱን 6 ሚሊ ሜትር ያህል አድርጉት፤ አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ አያይዙና ገመዱን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ጥሩ እሳት ሰማያዊ ነው፣ ጧ የሚል ድምፅም አለው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው።

ሁለት ሲሊንደር ካለው ሁለቱንም ለየብቻ ሞክሩ። አንዱ ብቻ ከሞተ ጥርጣሬው በዚያ ሲሊንደር ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ኮይልና የካንዴላ ገመድ ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከሞቱ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

2. የማጥፊያውን ሽቦ ንቀሉ

ማጥፊያው የሚሠራው እሳቱን ወደ ሞተሩ ብረት አካል፣ ማለትም ወደ ማሳ በመስደድ ነው። የሽቦው ሽፋን አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ከነካ ሞተሩ ሁልጊዜ «ጠፍቷል» ማለት ነው። ሽቦውን ከሞተሩ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ለይታችሁ እንደገና ሞክሩ። እሳቱ ከተመለሰ ችግሩ ተገኘ። በጣም አሮጌ ከሆኑት መካከል ጭራሽ ማጥፊያ ሽቦ የሌላቸው አሉ፤ እነዚያን እለፉት።

3. ቮላኖውን አንሱ

የካንዴላ ገመዶቹ ተነቅለው ይቆዩ። ዳዶውን ፍቱና ቮላኖው መሐል ባሉት፣ የቡሎን ጥርስ በወጣላቸው ሦስት ቀዳዳዎች በቡሎን በሚታሰር መንቀያ አውጡት። ጠርዙን እየያዘ የሚስበውን ባለ ጥፍር መንቀያ አትጠቀሙ፤ ቮላኖውን ያጣምማል። በካቻቢቴ እየፈለቀቁ በመዶሻ መምታትም ማግኔቱን ያላቅቃል፣ ክራንኩንም (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ይጎዳል። መንቀያ ከሌላችሁ ተዋሱ እንጂ ሥራውን አትጀምሩ።

ቮላኖው ሲወጣ ክራንኩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ብረት እዩዋት። ከተቆረጠች ወይም ትንሽ እንኳ ከተቀጠፈች እሳቱ ያለ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሞተሩ ይተኩሳል ወይም ገመዱን ከእጃችሁ ይነጥቃል።

4. ፑንቲናው

አሮጌ ሞተር ለወራት ቆሞ ከነበረና እሳት ካጣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው። ሁለቱ ጫፎች አየርና እርጥበት ሲያገኛቸው ለዓይን የማይታይ ስስ ዝገት ይይዛቸዋል። ሲያዩዋቸው ንጹሕ ይመስላሉ፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፉም። በዓይን ብቻ አትፍረዱ።

በቴስተር ስትለኩ መጀመሪያ የኮይሉንና የኮንደንሰሩን ሽቦ ከፑንቲናው ለዩ። የኮይሉ ቀዳሚ ጥቅል (ከፑንቲናው ጋር የሚገናኘው) አንድ ኦም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ካልለያችሁት ፑንቲናው ተከፍቶም ቴስተሩ «ተገናኝቷል» ይላችኋል። ሽቦዎቹ ከተለዩ በኋላ ክራንኩን በቀስታ አዙሩ። ሲዘጋ ዜሮ አካባቢ፣ ሲከፈት ደግሞ «አልተገናኘም» ማለት አለበት። ተዘግቶ ሳለ ቁጥሩ ከፍ ካለ ወይም ከዋለለ ጫፎቹ ቆሽሸዋል።

በቀጭን የፑንቲና ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ሳብ ሳብ አድርጉ። ብርጭቆ ወረቀት አልወድም፤ አሸዋው ጫፎቹ መሐል ይቀራል። ከዚያ ክፍተቱን አስተካክሉ። የእያንዳንዱ ሞተር መመሪያ የራሱን ቁጥር ይሰጣል፤ ለብዙዎቹ አሮጌ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ሞተሮች 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው ፑንቲናው በጣም በተከፈተበት፣ ማለትም የካሙ ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው። የመለኪያው ስስ ብረት ሲገባ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት እንጂ መጨናነቅ የለበትም። ብሎኑን ስታጠብቁ ክፍተቱ ስለሚንሸራተት እንደገና ለኩ።

እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው። ጫፎቹን አጸዳሁ፣ ክፍተቱን በጥንቃቄ ለካሁ፣ ቮላኖውን መልሼ አሰርኩ። እሳት የለም። ኮይል ገዛሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ለካሁ፤ አሁንም የለም። ኮንደንሰር ቀየርኩ፣ ለካሁ፤ የለም። ችግሩ የክፍተት መለኪያው ራሱ ነበር። መለኪያዎቹ እንዳይዝጉ ዘይት ተቀብተው ነው የሚሸጡት። በለካሁ ቁጥር ያጸዳሁትን ጫፍ በዘይት እየቀባሁት ነበር! ያ ስስ ዘይት እሳቱን ለመከልከል ይበቃል።

ስለዚህ ከለካችሁ በኋላ፣ ቮላኖው ከመመለሱ በፊት፣ ንጹሕ ካርቶን በአልኮል ወይም በአሴቶን አርጥባችሁ በተዘጉት ጫፎች መሐል ሳቡት። ቀጥሎ በደረቅ ካርቶን ድገሙ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ። ጣታችሁም ጫፎቹን አይንካ።

አንዱ ጫፍ ተቆፍሮ ሌላው ላይ ጉብታ ከወጣ ኮንደንሰሩን ተጠራጠሩ፤ ከፑንቲናው ጋር አብራችሁ ቀይሩት።

5. ኮይልና የካንዴላ ገመድ

የኮይሉን ሽፋን በደንብ እዩ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ኮይሎች ሲያረጁ በመሰንጠቅ ይታወቃሉ። ስንጥቅ ካለ ቀይሩት። አዲሱን ስትገጥሙ የብረቱ ጫፍ ከማሰሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ከወጣ ቮላኖው ይፍቀዋል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ሲበርድ ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ሙቀት የሚያውከው ኮይል ሊሆን ይችላል። የምታውቁት ግን እንደጠፋ ወዲያው፣ ትኩስ እንዳለ እሳቱን ከሞከራችሁ ብቻ ነው። ያኔ እሳት ካለ ችግሩ ምናልባት ነዳጅ ላይ ነው።

ፑንቲና የሌለው ከሆነ

ከዚያ በኋላ የመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ በፑንቲና ፋንታ ሲዲአይ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አላቸው። የማጥፊያ ሽቦውን መንቀልና የማሳ ግንኙነቶችን ዝገት ማጽዳት ለእነሱም ይሠራል። በማጥፊያ ሽቦው ላይ 12 ቮልት አታስነኩ፤ ሳጥኑ ይቃጠላል። ከዚህ ያለፈው ምርመራ ቮልቱ የሚደርስበትን ከፍተኛ መጠን የሚይዝ ልዩ መለኪያ ይጠይቃል፤ ተራ ቴስተር ያሳስታል። ይህን ለባለሙያ ስጡት።

6. መልሳችሁ ግጠሙ

የክራንኩን ሾጣጣ ጫፍና የቮላኖውን ቀዳዳ ከዘይት አጽዱ፤ ደረቅ መሆን አለባቸው። ዳዶውን መመሪያው በሚለው ጥንካሬ እሰሩ፤ ከላላ ያችን ቁልፍ ብረት ይቆርጣታል። በመሞከሪያው ሁለቱንም ሲሊንደሮች እንደገና እዩ፣ ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሱ።

ውኃ በሌለበት ለሰከንድም አታስነሱት፤ የውኃ ፓምፑ ጎማ ይበላል። በርሜል ውስጥ ወይም ጀልባው ላይ አስነሱት። የለያችሁትን የማጥፊያ ሽቦም የተላጠውን ሸፍናችሁ መልሱ፤ ሞተሩ እየሠራ ማጥፊያውን ሞክሩ። ካላጠፋው ጀልባዋን ይዛችሁ አትውጡ።