ትልቁን ካርቶን አትጣሉት

የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ካላችሁ ለልጆቹ ስጧቸው፣ ቤት ይሥሩበት። እናንተ ግን አትሥሩላቸው! ግድግዳው ሲወድቅ ዝም ብላችሁ እዩ፤ ለምን እንደወደቀ ራሳቸው ሲፈልጉ ነው ሚዛንና ድጋፍ ምን እንደሆነ የሚገባቸው። ወፍራም ካርቶን በሁለቱ ገጾቹ መሃል ሞገድ የመሰሉ መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ወደ ላይ እንዲሄዱ አድርገው ካቆሙት ክብደት ይችላል፣ አግድም ከሆኑ ግን ከላይ ሲጫኑት ቶሎ ይታጠፋል። ይህን ቀድማችሁ አትንገሯቸው፣ ሁለቱንም ይሞክሩት። የሁለት ካርቶን ጫፍ ሰንጥቀው አንዱን በሌላው ውስጥ መሰካት ከቻሉማ ኮላም አያስፈልግም። በሩ የት ይሁን ብለው ሲጨቃጨቁም ቶሎ አትግቡ፣ መደራደርም የሚለመደው እዚያው ነው። ምላጩን ግን እናንተ ያዙት፤ የካርቶኑንም ሽቦ አስቀድማችሁ ንቀሉ።