ላረጀ ራኒንግ ባክ ውል ይራዘምለት? እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው

በአሜሪካ ፉትቦል 28 ዓመት የሞላው ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች) አርጅቷል ይባላል። ጨዋታውን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ኳርተርባክ ከ35 በላይም ሆኖ ይጫወታል። ኳስ ታቅፎ ግዙፍ ሰዎች መሃል የሚገባው ልጅ ግን በአንድ ጨዋታ ሃያ ጊዜ ሊመታ ይችላል። ሰውነት ይህን ብዙ ዓመት አይችለውም። ስለዚህ ውሉ ሊያልቅ ሲል ሁሌም ያው ጭቅጭቅ ይነሳል። ይራዘምለት ወይስ ይሸኝ?

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የባልቲሞር ሬቨንስ ደጋፊ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ዳላስ ስለሚኖር የዚያው ከተማ ቡድን የካውቦይስ ደጋፊ ነው። ሬቨንስ በግንቦት 2025 ለራኒንግ ባኩ ለደሪክ ሄንሪ ውል ሲያራዝም ደወለልኝና «እህትዓለም፣ 31 ዓመት ለሞላው ሰው 30 ሚሊዮን ዶላር? የኤልየትን ነገር ረሳሽው?» አለኝ። አልረሳሁም፤ ኤልየት ካውቦይስ በረጅም ውል ያሰረው ራኒንግ ባክ ነበር። ሁለቱ ውሎች ግን አንድ አይደሉም። ለምን እንደማይመሳሰሉ ካያችሁ የሌላውንም ተጫዋች ውል ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

ከዕድሜው በፊት ስንት ጊዜ ኳስ ይዞ እንደሮጠ ቁጠሩ። ሄንሪ በ2016 ቴነሲ ታይታንስ ሲገባ ቦታው የዲማርኮ መሬይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 110፣ በሁለተኛው 176 ጊዜ ብቻ ሮጠ፤ በሦስት ዓመት 501። በዚያው በ2016 ዳላስ የገባው ኢዚኪየል ኤልየት ግን ገና በመጀመሪያው ዓመት 322 ጊዜ ሮጧል፤ በሦስት ዓመት 868። ኤልየት በዕድሜ ከሄንሪ በአንድ ዓመት ተኩል ያንሳል። በመመታት ግን ቀድሞታል።

በአንድ ዓመት ብቻ ከመጠን በላይ የሮጠ ተጫዋችም ያስፈራኛል። የሲያትሉ ሾን አሌክሳንደር በ2005 370 ጊዜ ሮጦ 1,880 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል) አስመዘገበ፤ የሊጉ ኮከብም ተባለ። በቀጣዩ መጋቢት የ8 ዓመት፣ የ62 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት እግሩ ተሰበረ፤ ሩጫው 896 ያርድ ላይ ቆመ፤ በ2008 ተሰናበተ። ሄንሪም በ2020 378 ጊዜ ሮጦ በ2021 እግሩ ተሰብሯል። እሱ ግን ተመለሰ። ሁሉም አይመለስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ያርዱ የማን ነው? የተጫዋቹ ነው ወይስ ከፊቱ መንገድ የሚከፍቱለት የመስመር ተጫዋቾች? የዳላስን የ2014 እና የ2015 ዓመታት እዩ። ያው ዲማርኮ መሬይ ቴነሲ ከመሄዱ በፊት ዳላስ ነበር፤ በ2014 392 ጊዜ ሮጦ 1,845 ያርድ አገኘ። ዳላስ የጠየቀውን አልሰጠውም። ፊላደልፊያ በ5 ዓመት፣ በ40 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። እዚያ በ2015 ያገኘው 702 ያርድ ነው። ዳላስ ደግሞ በእሱ ቦታ ዳረን ማክፋደንን አሰለፈ። ማክፋደን ያን ጊዜ ተስፋ የተቆረጠበት ተጫዋች ነበር። ከዚያው መስመር ጀርባ ሆኖ 1,089 ያርድ ሮጠ! መሬይን መናቄ አይደለም። ከፍላችሁ የምታስቀሩት ሰው ያለ መስመሩ ምን ይሠራል የሚለውን ሳታዩ አትፍረዱ ለማለት ነው።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሄንሪ በ2023 ቴነሲ ሳለ በአንድ ሩጫ በአማካይ 4.2 ያርድ ነበር የሚያገኘው። አለቀለት ተባለ። በ2024 በ2 ዓመት፣ በ16 ሚሊዮን ዶላር ባልቲሞር መጣና 1,921 ያርድ ሮጠ፤ አማካዩ 5.9 ሆነ። ሰውየው በአንድ ዓመት አርጅቶ እንጂ ወጣት ሆኖ አልመጣም። የተለወጠው አጠገቡ ያለው ሰው ነው። የሬቨንስ ኳርተርባክ ላማር ጃክሰን ራሱ ኳሱን ይዞ መሮጥ ስለሚችል ተከላካዩ ሁለቱን መጠበቅ አለበት። ለአፍታ ካመነታ ሄንሪ አልፎታል። ስለዚህ ውል ስታራዝሙ ኳርተርባኩና መስመሩ በሚቀጥለው ዓመትም መኖራቸውን አረጋግጡ።

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ትልቁን ቁጥር እርሱት። ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፤ ዋስትና ያለው ገንዘብ (ተጫዋቹ ቢሰናበትም የሚከፈለው) ስንት ነው፣ ስንት ዓመት ነው፣ የፊርማ ገንዘቡ እንዴት ተከፋፈለ።

የፊርማ ገንዘብ ለተጫዋቹ ቶሎ ይከፈላል። በደመወዝ ጣሪያው (ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ ሊያወጣ የሚፈቀድለት መጠን) ሒሳብ ግን በውሉ ዓመታት ላይ እኩል ይከፋፈላል፤ እስከ አምስት ዓመት ድረስ። ለምሳሌ የፊርማው 15 ሚሊዮን፣ ውሉ የ3 ዓመት ቢሆን በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ይያዛል። ተጫዋቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢሰናበት የቀረው 10 ሚሊዮን ሜዳ ላይ በሌለ ሰው ስም ጣሪያውን ይበላል። ረጅም ውል ዛሬ ርካሽ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ዕዳው ወደፊት ተገፍቷል እንጂ አልቀረም።

ኤልየት በመስከረም 2019 ሲፈርም የነበረው ውል ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። በዚያ ላይ 6 ዓመትና 90 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ፤ 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው። አማካዩ ያን ዓመት ከነበረበት 4.5 በ2022 ወደ 3.8 ወረደ። በ2023 ተሰናብቶ ለኒው ኢንግላንድ ሲጫወት እንኳን ዳላስ ሒሳብ ላይ ገና ይቆጠር ነበር። ሄንሪ የተጨመረለት 2 ዓመት ነው። ከ30 ሚሊዮኑ 25ቱ ዋስትና አለው። ይህ ለእሱ ጥሩ ነው፤ ለቡድኑም መጨረሻው ቅርብ ነው። በእኔ ሚዛን ከ28 በኋላ ከ2 ዓመት በላይ መጨመር ልክ አይደለም። ዋስትናውን ከፍ አድርጉለት፣ ዓመቱን አሳጥሩት።

ዋስትናውን ከፍ አድርጉ የምለው እንዲሁ አይደለም። እነዚህ ልጆች ከኮሌጅ ሲወጡ የሚፈርሙት የ4 ዓመት ውል ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ጉልበታቸው ሙሉ የሆነበት ጊዜ ያኔ ነው። ከዚያ ደግሞ ቡድኑ የአንድ ዓመት ክፍያ ቆርጦ ሊያስቀራቸው ይችላል። የፒትስበርጉ ራኒንግ ባክ ሊቪያን ቤል በ2018 ይህን እምቢ ብሎ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ሰው ስግብግብ አለው። እኔ አልለውም። ነገ ጉልበቱ ቢቀደድ ማን ይከፍለዋል?

ለሠራው ውለታ ግን ዓመት አትጨምሩ። ራኒንግ ባኩን ሳኮን ባርክሊን ኒው ዮርክ ጃያንትስ ሲለቀው እዚያ የደከመው ብዙ ነበር። ፊላደልፊያ በ2024 የወሰደው ለደከመው ሳይሆን ጥሩ መስመር ስለነበረውና ሊያሮጠው ስለሚችል ነው። 2,005 ያርድ ሮጦ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፉ። በ2025 ሲያራዝሙለትም የጨመሩት 2 ዓመት ብቻ ነው።

ወንድሜ መጨረሻ ላይ «እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ኤልየትን ምን ታደርጊው ነበር?» አለኝ። የቀረውን ሁለት ዓመት ደመወዝ አሳድግለት ነበር። በዋስትና። ስለ ማራዘም የማነሳው በ2021 ነው።