በሰው ማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ

እንግሊዝ ወይም ዌልስ ገብታችሁ ጥቂት እንደሰነበታችሁ፣ ከተማው ዳር «ፐብሊክ ፉትፓዝ» (የሕዝብ የእግር መንገድ) የሚል ምልክት ማየታችሁ አይቀርም። ቀስቱ በቀጥታ ወደ ገበሬ ማሳ ይጠቁማል። ብዙዎቻችን እዚያ ስንደርስ እንመለሳለን። የሰው እርሻ ሳያስፈቅዱ መርገጥ ነውር ነው ተብለን አድገናልና በአስፋልቱ ዞረን እንሄዳለን። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ አሳልፌዋለሁ። እናንተ ግን አትመለሱ። መሬቱ የገበሬው ቢሆንም ማለፊያው የሕዝብ ነው፤ ማሳውን አቋርጦ የሚሄደውን መንገድ ቢያርሰው እንኳ መልሶ ማስተካከል ግዴታው ነው። ቢጫ ቀስት የእግረኛ ነው፤ ሰማያዊው ፈረስና ብስክሌትም ያሳልፋል።

የእነዚህ መንገዶች መዝገብ «ዴፊኒቲቭ ማፕ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን የሚይዘው ካውንቲ ካውንስሉ (የአውራጃው አስተዳደር)፣ እሱ በሌለበት ደግሞ የአካባቢው ካውንስል ነው። ማንም ሰው ሄዶ ማየት ይችላል። (የመካከለኛው ለንደን ካውንስሎች ይህን ካርታ የማዘጋጀት ግዴታ የለባቸውም፤ ስኮትላንድ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት።) ካርታው ላይ ያለ መንገድ በሕግ የጸና ነው። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ ግን መብት የለበትም ማለት አይደለም፤ ክርክሩም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምታደርሱበት አቋራጭ አንድ ቀን በአጥር ተዘግቶ አገኛችሁት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሕግ ማንም ሰው፣ ዜግነቱ ሳይጠየቅ፣ መንገዱ ካርታው ላይ እንዲገባ ለካውንስሉ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ዋናው ማስረጃ ሕዝቡ ለ20 ዓመት ሳያቋርጥ መጠቀሙ ነው፦ በግድ ሳይሆን፣ ሳይደበቅ፣ ሳያስፈቅድ። የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። ጨዋነት መስሎን ባለመሬቱን «ልለፍ?» ብለን ከጠየቅንና ከፈቀደልን፣ ያ እርምጃ እንደ መብት አይቆጠርም። 20 ዓመቱ የሚቆጠረው መንገዱ ከተዘጋበት ወይም መብቱ ክርክር ከተነሣበት ቀን ወደ ኋላ ነው። እናንተ ሦስት ዓመት ብቻ ኖራችሁ ይሆናል፤ የእናንተ ሦስት ከጎረቤት አዛውንቷ አሥራ ሰባት ጋር ይደመራል። ስለዚህ የምስክርነት ቅጹን ይዛችሁ የጎረቤቶቻችሁን በር አንኳኩ። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በር ወይም ከልካይ ነበረ ወይ፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የተጋነነ ምስክርነት በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈርስ እውነተኛውንም ይዞት ይወድቃል። የድሮ ካርታም ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1836 በኋላ ለቤተ ክርስቲያን አስራት ሲባል የተነሡ ካርታዎች ዛሬም በየአካባቢው ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ብዙ አመልካች የሚደክመው በከንቱ ነው። «መንገዱ ያስፈልገናል፣ አስፋልቱ ለልጆች አደገኛ ነው» ብሎ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ካውንስሉ እዚህ ላይ የሚመረምረው መብቱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ጥቅሙንም፣ ደኅንነቱንም፣ የባለመሬቱን መረበሽም እንዲመዝን ሕጉ አይፈቅድለትም።

ማስረጃው ካሳመነው ትእዛዝ ያወጣና ቢያንስ ለ42 ቀናት ለተቃውሞ ክፍት ያደርገዋል። ተቃዋሚ ካለ ካውንስሉ ራሱ ሊያጸድቀው አይችልም፤ ጉዳዩ በመንግሥት ወደሚመደብ መርማሪ ይሄዳል። ማመልከቻችሁን ውድቅ ካደረገው በ28 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ነገሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላልና ከሁሉም ወረቀት ቅጂ አስቀሩ።

ያለውን መንገድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለመሬቱ መንገዱ እንዲዞርለት ሲጠይቅ፣ አዲሱ መንገድ ለሕዝቡ ምቾት ብዙ የሚቀንስ መሆን አለመሆኑ ይመዘናል። ያኔ የልጆቻችሁ ነገር፣ ጭቃው፣ የሚጨምረው ርቀት ሁሉ ይቆጠራል። ማስታወቂያው በመንገዱ ሁለት ጫፍ ይለጠፋል፤ የተቃውሞው ጊዜ ቢያንስ 28 ቀናት ነው። ምሰሶ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታዩ ቆማችሁ አንብቡት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑ ሳያልፍም ለካውንስሉ ጻፉ።