ደሴ እየሠሩ ዳር ላይ ቤት ለመከራየት

ፒያሳ አካባቢ ኪራዩ ከበዳችሁ? እንግዲያው ዓይናችሁን ወደ ዳር፣ ወይም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ጣል አድርጉ።

መጀመሪያ መንገዱን አስቡ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም መሃል ላይ ሐረጎ አለ፤ ያ ጠመዝማዛ ዳገት በክረምት ጭጋግ ሲለብስ መኪና እያዘገመ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቤቱ ረከሰ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የወር ትራንስፖርቱን ኪራዩ ላይ ደምሩት። ብርዱም አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች።

ቤቱን ሁለቴ እዩት። አንዱን ቀን ዝናብ ሲዘንብ ሂዱ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ ያኔ ይታያል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤት ጠይቁ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ሰፈርተኛው ነው። ወሎ ነውና አዛኑም ቅዳሴውም የሚሰማበት ሰፈር አይጠፋም። ኮምቦልቻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ የሚመጣ እንግዳ ለምዳለች። ግን ዝም ብላችሁ አትገምቱ። ሱቅ ጎራ በሉና ጠይቁ፦ እድሩ ተከራይ ይቀበላል? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብረው ናቸው? አዲስ ሰው ሲገባ ቡና ይጠራል? ሀዘን የደረሰበት ተከራይ ብቻውን የሚቀርበት ሰፈር ከሆነ፣ በነፃ ቢሰጧችሁም እንኳ አትግቡ። የሚያስገባ ሰፈር ካገኛችሁ ግን ቤቱ ትንሽ ቢጠብም ያዙት፤ ውሉን ደግሞ በጽሑፍ አድርጉት።