ስሙ ያልታወቀ ጣውላ ሲገጥምዎ፦ የእንጨትን ዓይነት ከተቆረጠው ጫፍ እንዴት መለየት ይቻላል

ፒያሳ ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የበር መቃን፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከተከመረ የማሽን ሣጥን የተነቀለ ጣውላ፣ ከውጭ የመጣ የአሮጌ ቡፌ እግር፤ ለእንጨት ሠሪ ሁሉም ሀብት ናቸው። ችግሩ ስማቸው ላይ ነው። በገበያው ቀይ ከሆነ ማሆጋኒ፣ ቡናማ ከሆነ ቲክ፣ ጥቁር ከሆነ ዞጲ ይባላል። በዚህ ስም ተመርቶ ዋጋ የሚከፍል ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ቀለምን ነው።

ቀለም ደግሞ አይታመንም። ፓዱክ የሚባለው ከውጭ የሚመጣ እንጨት ሲላግ ደማቅ ብርቱካናማ ነው፣ ብርሃን ሲያገኘው ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ዋንዛም በዕድሜ ይጠቁራል። በላዩ ቫርኒሽና ማቅለሚያ ሲጨመርበት ባሕር ዛፍ እንኳ ማሆጋኒ መምሰል አያቅተውም። የእንጨቱ መታወቂያ ያለው ጫፉ ላይ፣ በመጋዝ በተቆረጠበት ገጽ ነው። ክብደትና ሽታ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አዲስ ምላጭ፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር (ወርቅ ሠሪዎችና ሰዓት ጠጋኞች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ነው፤ በሥራቸው የሚጠቀሙበትን ሰዎች ቢጠይቁ የት እንደሚገዛ ይነግሩዎታል)፣ ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ጥቂት አልኮል፣ ነጭ ጨርቅና ማግኔት። የብር ኖት መመርመሪያ ሰማያዊ መብራት ካለዎትም ይጠቅማል።

1. ከመቁረጥዎ በፊት ገጹን ይፈትሹ

ማግኔቱን በሁሉም ጎን ያሳልፉ። አሮጌ መቃን ውስጥ ራሱ የተሰበረ ምስማር መኖሩ የተለመደ ነው፤ አንዱ የመላጊያዎን ምላጭ ይበላል። በምስማሩ ዙሪያ እንጨቱ ከጠቆረ ታኒን (ብረት ሲነካው የሚጠቁር በእንጨት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) የበዛበት መሆኑን ይናገራል፤ ኦክና ባሕር ዛፍ እንዲህ ያደርጋሉ። አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈቅፍቁት፤ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ያንሡት።

የማሸጊያ እንጨት ከሆነ በትኩስ ብረት የታተመበትን ምልክት ይፈልጉ። የስንዴ ዘለላ የሚመስል ሥዕል፣ ሁለት የአገር መለያ ፊደላትና የሕክምናው ዓይነት ይኖሩታል። ‘ኤች ቲ’ በሙቀት የታከመ ማለት ነው። ‘ኤም ቢ’ ግን በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ከእሱ የመክተፊያ ሰሌዳ ወይም የሕፃን ዕቃ አይሥሩ። የአገሩ መለያ ሣጥኑ የት እንደታከመ ስለሚጠቁም ፍለጋውን ያጠባል፤ እንጨቱ ራሱ የዚያ አገር ነው ማለት ግን አይደለም።

2. አዲስ ገጽ ያውጡ

ከማይታይ ጎን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይላጉ። ቀለሙ ከላይ ብቻ ሆኖ ውስጡ ከነጣ የተነከረ እንጨት ነው። በተላገው ገጽ ላይ ወዲያው ያሽትቱ፤ ሽታው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሳል። የሐበሻ ጥድ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተውን ይሸታል፤ በምሥራቅ አፍሪካ እርሳስ ይሠራበት ስለነበር መመሳሰሉ አይገርምም። ቲክ እንደ ቆዳ ይሸታል፣ ሲነኩትም ቅባት ያለው ይመስላል። ማሆጋኒ የሚመስለው የአፍሪካ እንጨት ሳፔሊ የጥድ ዓይነት ደስ የሚል ሽታ አለው። ዝግባ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ለመለየት ብለው ግን አይቅመሱ፤ የአንዳንድ እንጨት ዱቄት ቆዳንና ሳንባን ያስቆጣል፣ ወንጌ የሚባለው ጠቆር ያለ የአፍሪካ እንጨት ስንጣሪም ሲወጋ ቁስሉ ያመረቅዛል።

3. ጫፉን በምላጭ ይቁረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በመጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ እንዳለ በመነጽር ያየውና ‘ምንም አይታይም’ ይላል። መጋዙ ቀዳዳዎቹን ቀጥቅጦ በሰጋቱራ ስለደፈናቸው በእርግጥ ምንም አይታይም።

ከጣውላው ጥግ የጥፍርዎን ያህል ስፋት ያለው ቦታ ይበቃል። እዚያ ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉና ጥቂት ይጠብቁ፤ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ቁራጩን 10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ከዚያ ምላጩን አጋድመው፣ ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን እየሳቡ፣ እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሳ ንጣይ ያንሡ። በአንድ ስበት የወጣ ገጽ ያበራል። ጭረት ካሳየ ምላጩ ደንዟል፤ ይቀይሩት እንጂ በጉልበት አይግፉ። ጣትዎን ከምላጩ አቅጣጫ ማራቅም አይርሱ።

እንደ ወይራ ወይም ዞጲ ያለ እንጨት ምላጩን ሊሰብረው ይችላል። ያኔ በተሳለ መሮ ይሞክሩ፤ ካልሆነም በብርጭቆ ወረቀት ከ240 ጀምረው በ400 እና በ600 ይጨርሱ። ብርጭቆ ወረቀት ዱቄቱን ቀዳዳ ውስጥ ይከተዋል፤ በፕላስተር እየለጠፉ አንሥተው ያውጡት።

መነጽሩን ዓይንዎ ሥር ያስጠጉና እንጨቱን ወደ መነጽሩ ያምጡት፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር የሚጠራው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ነው። የቀን ብርሃን ከጎን ቢመታው ጥሩ ነው። መነጽሩን ስልክ ካሜራ ላይ ደግፈው ፎቶ ቢያነሡ በኋላ ለማነጻጸር ይረዳል።

4. ያዩትን ያንብቡ

መጀመሪያ፦ ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም? ከሌለው የጥድ ወገን ነው። ዝግባ ወጥና የዓመት ቀለበቱ የደበዘዘ ነው፤ የሐበሻ ጥድ ቀላ ያለ ነው፣ ሽታውም ይመሰክራል። ከውጭ የመጣ ፓይን ግን በቀለበቶቹ ውስጥ እዚህም እዚያም የሙጫ መተላለፊያ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ዝግባና ጥድ ይህ የላቸውም።

ቀዳዳ ካለው አደራደሩን ይመልከቱ። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች በየዓመቱ ቀለበት መጀመሪያ ተሰልፈው ቀጥሎ ትንንሾች ከመጡ፣ ፍለጋው በአንድ ጊዜ ይጠባል፤ ሞቃት አገር እንጨት አብዛኛው ቀዳዳው በእኩል የተበተነ ስለሆነ። ቲክ ከሞቃት አገሮቹ ውስጥ ቀለበት የሚሠራው ታዋቂው ነው፤ ኦክና አሽ ደግሞ ከቀዝቃዛ አገር የመጡ ናቸው።

ቀጥሎ ከግንዱ መካከል ወደ ቅርፊት የሚሄዱትን ጨረር መሰል መስመሮች ያስተውሉ፤ ያለ መነጽር የሚታዩ ሰፋፊ ናቸው ወይስ እንደ ፀጉር የቀጠኑ? በመጨረሻም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወይም ከጨረሮቹ ጋር ተሻግረው ነጣ ያሉ መስመሮች መኖራቸውን ይመዝግቡ። ደብዝዘው ካስቸገሩ አንድ ጠብታ ውሃ ያጎላቸዋል።

5. ክብደቱን ያስሉ

ቁራጩን አራት ማዕዘን አድርገው ይለኩ። 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ስፋትና 2.5 ውፍረት ያለው ቁራጭ 400 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 264 ግራም ከመዘነ 264ን ለ400 ሲያካፍሉ 0.66 ይመጣል። ቅርጹ የተዛባ ከሆነ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ እንጨቱን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ ይግፉት፣ ግድግዳውንም ወለሉንም እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የእንጨቱ መጠን በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው።

ደረቅ ሲሆኑ በግምት፦ ዝግባ 0.5፣ ሳፔሊ፣ ቲክና ኢሮኮ 0.65 አካባቢ፣ ፓዱክ 0.75፣ ወንጌ 0.87፣ ወይራ ወደ 1 የተጠጋ፣ የአፍሪካ ዞጲ 1.27። ከ1 በላይ የሆነው ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። እርጥብ እንጨት ይህን ሁሉ ያበላሸዋል፤ ክረምት ላይ ውጭ የቆየ ጣውላ ከደረቁ ጋር አይነጻጸርም። ቁራጩን ቤት ውስጥ አስቀምጠው በየሁለት ቀኑ ይመዝኑ፣ መቀነሱን ሲያቆም ያስሉ።

ሦስቱ እንጨቶች 0.65 አካባቢ መገኘታቸው ሚዛን ብቻውን ስም እንደማይሰጥ ያሳያል። ሚዛኑ በደንብ የሚሠራው ሲከለክል ነው፦ ‘ዞጲ’ ተብሎ 0.7 ከመጣ ዞጲ አይደለም።

6. በብዛት የሚምታቱት

*ኦክና ግራቪሊያ።* ሁለቱም ሰፋፊ ጨረር ስላላቸው በተሰነጠቀው ገጽ ላይ የሚያምር ነጠብጣብ ያወጣሉ። ጫፉን ሲያዩ ግን ኦክ ትልልቅ ቀዳዳዎቹን በቀለበት ያሰልፋል፤ የግራቪሊያ ቀዳዳዎች ደግሞ በጨረሮቹ መካከል እንደ ተንጠለጠለ ገመድ የጎበጡ ረድፎች ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ያየው ሰው ዳግመኛ አይሳሳትም። ኦክ መሆኑን ካረጋገጡ አንዱን ጫፍ ሳሙና ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው ይንፉ፤ አረፋ ካወጣ ቀይ ኦክ ነው፣ ነጩ ቀዳዳው የተደፈነ ስለሆነ አያሳልፍም።

*ቲክ፣ ኢሮኮና ዋንዛ።* ዋንዛ በውጭ ገበያ ‘የሱዳን ቲክ’ መባሉ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ከቲክ ጋር ዝምድና የለውም፣ ሲይዙትም በግልጽ ቀለል ይላል። ኢሮኮ ቲክን በቀለምም በክብደትም ይመስላል። ቀዳዳው ግን በቀለበት አይሰለፍም፣ በዙሪያው እንደ ክንፍ የተዘረጋ ነጣ ያለ መስመር ይታያል፤ ውስጡም የድንጋይ ያህል የጠጠረ የካልሲየም ክምችት ሊኖርበት ስለሚችል መጋዝ በድንገት ያደነዝዛል።

*ማሆጋኒ።* የአሜሪካው ማሆጋኒ በየእድገቱ ወሰን ላይ ጥርት ያለ ነጣ ያለ መስመር አለው። የአፍሪካው ካያ ብዙውን ጊዜ የለውም። ሳፔሊ ብዙ ቀጫጭን ሞገደኛ መስመሮች አሉት፣ ጎኑም ሪባን የመሰለ ብርሃንና ጥላ ያሳያል። ባሕር ዛፍ ተቀብቶ ከሆነ ቀዳዳዎቹ አንድ አንድ ሆነው በሰያፍ ተሰልፈው ያገኟቸዋል፤ አልፎ አልፎም ቀይ የሙጫ ኪስ አለበት።

*ዞጲ።* ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክረው ይሹት። ጨርቁ ቢጠቁር ማቅለሚያ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን የፓዱክና የሮዝውድ የራሳቸው ቀለምም በአልኮል ይለቅቃል፤ ስለዚህ ፍርዱን በቁጥር 2 ለተባለው መላግ ይተዉት። የአፍሪካ ዞጲና ሮዝውድ የአንድ ወገን ናቸው። ይህ ወገን በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የአደጋ የተጋረጠባቸው ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ሠርተው ወደ ውጭ የሚልኩ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የብር መመርመሪያውን መብራት በጨለማ ያብሩበት። አብዛኛው እንጨት ዝም ይላል፤ ሮቢኒያ የሚባለው እንጨት ግን ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል። የአንዳንድ የፓዱክ ዘመዶች ፍቅፋቂ የተዘፈዘፈበት ውሃ ደግሞ ሰማያዊ ይፈካል።

7. ስሙ ካልወጣ

ቅጠል፣ አበባ ወይም ፍሬ ማግኘት የሚቻልበት ዛፍ ከሆነ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሐርበሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ተቋም) የሚያነጻጽርበት ክምችት አለው። ደረቅ ጣውላ ብቻ ከያዙ ግን ‘ኢሮኮ ሊሆን ይችላል’ ብሎ መጻፍ ‘ቲክ ነው’ ብሎ ከመሸጥ ይሻላል።

ለሥራው ደግሞ ከስሙ ይልቅ ጠባዩ ይበልጥ ያስፈልግዎታል። ሁለት ቁራጭ በኮላ አጣብቀው 24 ሰዓት ይጠብቁና ይስበሩት። የተሰበረው እንጨቱ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ኮላው ንጹሕ ሆኖ ከለቀቀ እንጨቱ ቅባታም ነው፣ ሊያጣብቁ ሲሉ ወዲያው በአሴቶን ይጥረጉት። ቫርኒሹንም እንዲሁ በትንሽ ቦታ ይሞክሩ፤ ቅባታም እንጨት ላይ ቶሎ አይደርቅም። በምላጭ ያጸዱትን ቁራጭ ክብደቱን፣ ያገኙበትን ቦታና ቀኑን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጽፈው ያስቀምጡት፤ ቀጣዩን ያልታወቀ ጣውላ የሚያነጻጽሩት ከእሱ ጋር ነው።