ጨለማና ደማቅ ብርሃን የተገናኙበትን ቦታ በኤችዲአር እንዴት እናነሳለን?

ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ውስጥ ቆሞ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ግድግዳው እንዲታይ ብርሃን ሲጨምር መስኮቱ ነጥቶ ይጠፋል፤ የመስኮቱን ቅርጽ ለማትረፍ ሲቀንስ ደግሞ ግድግዳው በጨለማ ይዋጣል። ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የብርሃን ልዩነት ውስን ነው። መፍትሔው ያንኑ ቦታ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ አንስቶ ማዋሃድ ነው፤ ኤችዲአር የሚባለውም ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሕሩንና ሰማዩን በየራሳቸው ኔጌቲቭ ይዞ በአንድ ወረቀት ላይ ሲያትም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ከማንሳትዎ በፊት

ለማንሳትም ሆነ የካሜራ ማቆሚያ ለመትከል አገልጋዮቹን ያስፈቅዱ። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ ሊያነሱት የመጡትን ብርሃን ያጠፋዋል።

ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አጥብቀው ያስሩ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ካለ የማቆሚያውን እግሮች ጫን ብለው ያስቀምጡ፤ አጠገቡ የሚረግጥ ሰው ምንጣፉን ሲጎትት ካሜራውም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የፋይሉን ዓይነት ሮው (ካሜራው ሳያስተካክል የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያድርጉ። ካሜራውን ሁሉንም በእጅ ወደሚያስተካክሉበት ማንዋል ይመልሱ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ያቁሙ። አውቶማቲክ አይኤስኦ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ካሜራው እርስዎ የለወጡትን ብርሃን መልሶ ሊያስተካክለው ይችላል። ትኩረቱን ግድግዳው ላይ ካደረጉ በኋላ አውቶማቲክ ፎከሱን ያጥፉ። የሌንሱ ቀዳዳ ከፎቶ ፎቶ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ስለሚለያይ ፎቶዎቹ አይገጥሙም። የሚለወጠው የሻተሩ ጊዜ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው።

ስንት ፎቶ?

ብዙዎች ሦስት ብለው ይጀምራሉ። እኔ ግን ቁጥሩን ቦታው ራሱ ይወስን ባይ ነኝ። አስቀድመው ለመስኮቱ ይለኩ፦ ሂስቶግራሙ (በካሜራው ስክሪን ላይ ጨለማውን በግራ፣ ደማቁን በቀኝ የሚያሳየው ግራፍ) የቀኝ ጠርዙን እስከማይነካ ድረስ ጊዜውን ያሳጥሩ። 1/60 ሰከንድ ላይ ደረሱ እንበል። ቀጥሎ ለጨለማው ጥግ ይለኩ፦ ሂስቶግራሙ ከግራ ጠርዝ እስኪላቀቅ ጊዜውን ያስረዝሙ። ይህኛው 4 ሰከንድ ወሰደ እንበል። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ስለሆነ በሁለቱ መካከል 8 ስቶፕ ያህል አለ። በሁለት በሁለት ስቶፕ ሲራመዱ 1/60፣ 1/15፣ 1/4፣ 1 እና 4 ሰከንድ፣ በድምሩ አምስት ፎቶ ይሆናል። ከዚህ በላይ መደጋገም ፋይል ማብዛት ነው፤ ከዚህ ማነስ ግን ወይ መስኮቱን ወይ ጥጉን ያሳጣል።

ካሜራዎ በራሱ እየለዋወጠ እንዲያነሳ ካኖን ላይ ኤኢቢ፣ ኒኮን ላይ ቢኬቲ የተባለውን ይፈልጉ። ሦስት ፎቶ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የሻተሩን ጊዜ በእጅዎ ይለውጡ፤ ሲለውጡ ካሜራውን እንዳይነቀንቁት ይጠንቀቁ። በጣትዎ ከመጫን ይልቅ የሁለት ሰከንድ ቆጣሪውን ይጠቀሙ።

ማዋሃድ

ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አምስቱንም መርጠው ወደ ኤችዲአር ያዋህዱ፤ በነጻ የሚገኘው ሉሚናንስ ኤችዲአርም ይሠራል። ሻማ ሲነድ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ተነስቶ ከሆነ የተንቀሳቀሰውን ነገር ድርብ ምስል የሚያጠፋውን አማራጭ ያብሩ። ፕሮግራሙ ለዚያ ክፍል ከአንዱ ፎቶ ብቻ ይወስዳል።

አሁን ጥላውን ሁሉ የማብራት ፈተና ይመጣል። እባክዎን ይታገሡ! እነዚህ ቤቶች ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈሉ፣ ብርሃን በትንንሽ መስኮት የሚገባባቸው ናቸው፤ ጥጋቸው ጨለም ብሎ መቅረት አለበት። በመስኮቱ ዙሪያ ነጣ ያለ ጭጋግ ከታየ ወይም ድንጋዩ ፕላስቲክ ከመሰለ ማስተካከያውን ወደ ኋላ ይመልሱ።

በመጨረሻም ምስሉን በሙሉ መጠኑ ከፍተው የመስኮቱን ጠርዝ ይመርምሩ። መስመሩ ድርብ ሆኖ ከታየ ማቆሚያው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያፈነገጠውን ፎቶ አውጥተው በቀሩት እንደገና ያዋህዱ።